ዛጎልን ካርቦን አስወጋጅ አድርጎ መቁጠር ይቁም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ኦይስተር (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) እና የባሕር አረም በብዛት ብናለማ የአየር ንብረት ለውጥን እንገታለን የሚል ወሬ በየሚዲያው እየተራገበ ነው። የባሕር እርሻን ከልቤ እደግፋለሁ። የማልስማማው በሂሳቡ ነው፤ በተለይ በዛጎሉ።

ዛጎል ማለት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከካልሲየም ካርቦኔት ክብደት 12 በመቶው ካርቦን ነው። እናም አንድ ኪሎ ዛጎል ሲመረት 120 ግራም ገደማ ካርቦን ከአየር ተነሳ ተብሎ ይሰላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል። ግን እንስሳው ዛጎሉን የሚሠራው በአብዛኛው ውሃው ውስጥ ከሟሟ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ከሚባል ካርቦን ያለበት ውህድ ነው። ሁለት ባይካርቦኔት ይገባል። የአንዱ ካርቦን ዛጎል ሆኖ ይቀራል፤ የሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። ከተለቀቀው ከፊሉን ባሕሩ መልሶ ያስረዋል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ግን በጊዜ ሂደት ወደ አየር ሊወጣ ይችላል። እንስሳው ሲተነፍስ የሚያወጣው ገና አልተቆጠረም! እንዲህ ያለውን ነገር ካርቦን አስወገደ ብሎ የካርቦን ክሬዲት (ይህን ያህል ካርቦን ተወግዷል የሚል የሚሸጥ ማረጋገጫ) መሸጥ አንባቢንም ገዢንም ማሳሳት ነው።

የባሕር አረም ነገር ይለያል። እሱ በፎቶሲንተሲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ውሃውም በፋንታው ከአየር ይስባል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አረሙ ከተበላ ወይም ዳር ላይ ከበሰበሰ ካርቦኑ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። መቆጠር ያለበት ጥልቅ ባሕር የወረደው ወይም ደለል ውስጥ የተቀበረው ነው።

ኦይስተር ራሱ እኮ የዚሁ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጎጂ ነው፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የባሕሩን አሲድነት ይጨምራል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የባሕር ገጽ ፒኤች (ሲቀንስ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ወርዷል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ አሲድነቱ ወደ 30 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ግድም በአሜሪካ ኦሪገን አንድ ማራቢያ ውስጥ የኦይስተር እጮች በጅምላ አለቁ። ኋላ ሲጣራ፣ ከጥልቁ የወጣው አሲዳም ውሃ ገና ዛጎል መሥራት ሲጀምሩ ነበር ያገኛቸው።

የእነዚህ እንስሳት ጥቅም ሌላ ቦታ አለ። ኦይስተርና ማስል (ሌላው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) መኖ አይሰፈርላቸውም፤ ምግባቸውን ከውሃው አጣርተው ያገኛሉ፣ ውሃውንም ያጠራሉ። የኦይስተር ክምር ማዕበልን ያበርዳል። ይህ ብቻውን ለመደገፍ በቂ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከዛጎል የሚሸጥ የካርቦን ክሬዲት ዜና ሲደርሳችሁ፣ ዛጎሉ ሲሠራ የሚለቀቀው ጋዝ ከሂሳቡ ተቀንሶ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁልን። መልሱንም አብራችሁ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ