ክረምት ሲገባ ከወንዞቹ መግቢያ መረቡ ይነሳ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ዓሣ ሀብታችን የሚወጡ ዘገባዎች ምን ያህል ቶን እንደተመረተና ምን ያህል እንደታቀደ በሰፊው ያትታሉ። የተያዘው ዓሣ በምን እንደሚተካ ግን እምብዛም አይነሳም፤ ለጣና ሐይቅ ይህ ጥያቄ ከማናቸውም ዕቅድ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

በጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚራቡት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ሌሎቹም ገባር ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ወራጅ ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን በመጣል ነው። በዚህም ምክንያት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዓሣው በወንዞቹ መግቢያ ይከማቻል፤ መረብ የዘረጋ ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የነገደ ወይጦ አስጋሪዎች በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቁ በሚያሰግሩበት ዘመን ጉዳቱ የሚታወቅ አልነበረም። የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገባ በኋላ ግን፣ በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ዓሣ ከሚራገፍበት ዳርቻ የደረሰ ሰው፣ ለፊሌቶ ከሚሰነጠቀው ዓሣ ሆድ እንቁላሉ በእፍኝ እየተዛቀ ከአንጀቱ ጋር ለፔሊካኖች ሲወረወር ይመለከታል። የሚቀጥሉት ዓመታት ምርት እዚያው ያልቃል ማለት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። በተለይ ከቀጭን የፕላስቲክ ክር የሚሠራው ሞኖፊላመንት መረብ ርካሽ በመሆኑ ሲቀደድ አይጠገንም፤ ውኃው ውስጥ ተጥሎ ማንም የማይሰበስበውን ዓሣ ሲገድል ይኖራል። ይህን መረብ ሐይቅ ላይ በጀልባ እያሳደዱ መቀማት (ለዚያውም ጀልባና ነዳጅ ሲገኝ) የትም አያደርስም፤ መያዝ ያለበት በጉምሩክ ኬላና በሚሸጥበት ሱቅ ነው።

ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኔ አልስማማም። አስጋሪው ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ የዓሣ ጥብስ የሚሸጡ ሴቶችም እንዲሁ፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ እንደ ነጭ ዓሣ ወንዝ ወጥቶ የሚራባ ባለመሆኑ በክረምትም ከወንዞቹ መግቢያ ርቆ ሊሰገር ይችላል። እንዲዘጋ የምጠይቀው የወንዞቹ መግቢያና ወንዞቹ ራሳቸው፣ ዓሣው በሚራባባቸው ወራት ብቻ ነው። የክልከላው ድንበር በተንሳፋፊ ምልክት ይታይ፣ ጥበቃውም ሕጋዊ ፈቃድ ላላቸው የአስጋሪዎች ማኅበራት ከነሥልጣኑ ይሰጥ። በክረምት ጥበቃ ላይ ለሚሠማሩት አባላት አበል መክፈል ለዓሣ ልማት ከሚመደበው በጀት ጥቂቱን ቢወስድ ነው።

የክልሉ ኃላፊዎች የዘንድሮውን የክልከላ ቀናት ከሰኔ ማለቂያ በፊት በጋዜጣችሁና በሬዲዮ ያሳውቁ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር