እሸቱ ሳያልፍ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ልጆቹ በረቱልሽ? ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! መንገዱም ኔትወርኩም እንደምታውቂው ነው። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን አናንሣው፤ ተስማማን?

መጨረሻ የላክሽልኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ወጥ መሥራት ሰለቸኝ። ከሥራ ገብቼ ምን ልሥራ እያልኩ ፍሪጅ ከፍቼ እቆማለሁ» ብለሽኛል። መልሴ አጭር ነው፦ ፍሪጁን ዝጊውና ገበያ ውጪ።

እኔ ቤት ሆኜ ምን እንደምሠራ መወሰን ትቻለሁ። ዘንቢሌን አንጠልጥዬ እወጣለሁ፤ ዛሬ የገባውን ገዝቼ እመለሳለሁ። ዕቃው ትኩስ ሲሆን ብዙ ሥራ አይፈልግም። ቁሌት ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ለበዓል ዶሮ ሽንኩርቱ ግማሽ ቀን ይቁላላ። ለማክሰኞ ማታ ግን ማን ፈረደብን?

አሁን የባቄላ እሸት ከደጋው ወርዷል። ከነቅርፊቱ ነው የምገዛው፤ ተፈልፍሎ የዋለው ይደርቃል። ልጆቹ እየፈለፈሉ ግማሹን ጥሬውን ይጨርሱታል፤ ስለዚህ አብዝተሽ ግዢ። ቀይ ሽንኩርት በትንሽ የኑግ ዘይት አለሰልሳለሁ፤ እንዲቀላ አልፈልግም። ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላው፣ ጠብ የምታህል ውሃ፣ ጨው። ሊወጣ ሲል ቃሪያ ሰንጥቄ ጣል አደርግበትና እከድነዋለሁ። በርበሬ የለ፣ ሌላ ቅመም የለ። 20 ደቂቃ አይፈጅም። ቃሪያውም ጊዜው ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ማሳው ላይ ይቀላና በርበሬ ይሆናል።

የኑግ ዘይት ሽታው ይከብዳል የሚሉ አሉ። አዎ ይሸታል። ለጾም ምግብ ግን እንደሱ የሚጥም አላውቅም። እዚህ ጎጃም ማሳው በኑግ አበባ ቢጫ ለብሷል፤ ማሩም የሚቆረጠው ከዚሁ ተከትሎ ነው።

አሳውን ደግሞ ላውራሽ፤ እንደሚያስቀናሽ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ እያለን የካፌው ወጥ ሲመረን ተያይዘን ሐይቅ ዳር እየወረድን አንድ ቀረሶ አሳ ለሁለት እንበላ አልነበር? አሁን ራሴ እጠብሰዋለሁ። ሐይቁ ዳር የምሄደው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሸጠው ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሥጋው ስትጫኚው የሚመለስ፣ ከጉንጩ ሥር ያለውን ክዳን ስትገልጪው ውስጡ ቀይ የሆነ ምረጪ። አሳ አሳ የሚሸት አሳ አልገዛም፤ ትኩሱ የሚሸተው ሐይቅ ሐይቅ ነው።

ቅርፊቱን አስፍቄ፣ ሆዱን አስጠርጌ ሙሉውን አመጣዋለሁ። ጎንና ጎኑን በቢላ እተለትለዋለሁ። ጨውና የዘጌ ሎሚ አሽቼ ጥቂት ብቻ አቆየዋለሁ፤ ሎሚ ውስጥ ከቆየ ሥጋው ይፈርሳል። ከዚያ በጨርቅ አድርቄ ዳጉሳ ዱቄት እነሰንስበታለሁ። የስንዴም ይሆናል፤ የዳጉሳው ግን ኩርሽም ይላል። ዘይቱ በደንብ ሳይግል እንዳታስገቢው፤ መጥበሻው ላይ ይቀርብሻል። አንዴ ብቻ አገላብጪው። በአዋዜና በጥሬ ቃሪያ ብዪው።

አምባዛ ካገኘሁ ወጥ አደርገዋለሁ፤ ሥጋው ወፍራም ነው፣ እሾኹም አያስቸግርም። እናትሽ «ቅርፊት የለውም» ብለው እንደማይነኩት አውቃለሁ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውንም ለእሳቸው ትቻለሁ፤ በጽጌ ጾም መሐል ክርክር አልገባም።

ነጭ አሳ ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አልገዛም። በነዚህ ወራት እንቁላሉን ሊጥል በነጉማራ፣ በነርብ ወንዝ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀው ሰው ሳይለፋ ይሰበስበዋል። የሚያዘው ደግሞ ገና ያልወለደው ነው። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የነጭ አሳ ዓይነቶች አሉ። ከታች ያለው አሳ የጢስ አባይን ፏፏቴ መውጣት ስለማይችል፣ የጣናዎቹ ለብቻቸው ቀርተው ነው እንዲህ የበዙት። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ያደረሰባቸው ሳይበቃ እኛም እንጨመርባቸው? ሻጯ «እንቁላል አለው፣ ይጣፍጣል» ብላ ስታባብለኝ አልፋለሁ። እኔ አንዷ ስለተውኩ ሐይቁ እንደማይድን ይገባኛል። ቢሆንም ቀረሶ እያለ ምን አስጨነቀኝ?

እንጀራዬ ጤፍና ዳጉሳ ቅልቅል ነው። ጠቆር ይላል፤ ለምጄዋለሁ። ጎረቤቶቼ የፎገራ ሩዝ ቀላቅለው ይጋግራሉ፤ እኔ ሩዙን ለብቻው በካሮት ቀቅዬ መብላት ይሻለኛል። ጥር ላይ ሽምብራ እሸት እጠብቃለሁ፤ በበጋው ከመራዊ የቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት ይመጣል። ግንቦት ማንጎ ነው። ያኔ ምሳ የሚባል ነገር የለም፤ ማንጎ ብቻ።

«አንቺ ሐይቅ ዳር ነሽ፣ ምን አለብሽ» እንደምትዪ አውቃለሁ። አዲስ አበባም ጉልት አለ። ከታክሲ ስትወርጂ ጎመን የምትሸጠዋን ሴትዮ «ዛሬ የገባው የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ደንበኛ ካደረገችሽ አትዋሽሽም። ጎመኑን ከትፈሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምረሽ፣ በራሱ ውሃ አብስዪው። ሲበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ፍሪጅ ከፍተሽ ከምትቆሚበት ጊዜ አይበልጥም!

ለኅዳር ሚካኤል ልትመጪ ነው የሚል ወሬ ደርሶኛል። እውነት ከሆነ ቀደም በይ፤ እስከዚያ ባቄላው እሸትነቱ ያልፋል። ካልተመቸሽም ነይ፤ ቀረሶ ሁሌም አለ። ብቻ ማታ እንዳትገቢና አሳ እንዳትጠይቂኝ። ከሾላ ገበያ ደህና ኮረሪማ ያዥልኝ፤ ያልተፈለፈለውን። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ አምባዛ እንደማላቀርብላቸውም ንገሪልኝ።

ያንቺው፣
የሽምብጧ