ዕቃው ደጅ ከመውጣቱ በፊት

ይድረስ ለደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤትና ለከተማው ምክር ቤት

የበጀት ሰሞን ስለሆነ ነገሩን ሳላንዛዛ ልናገር። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ በሚውለው በጀት፣ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ሊባረሩ ለደረሱ ቤተሰቦች የሚሆን ራሱን የቻለ መደብ ይያዝልን። ጎዳና የወጡትን ስለማንሳት ብዙ ይወራል። እኔ የማወራው ገና ጣሪያ ሥር ስላሉት ነው።

እነማን እንደሆኑ አታጧቸውም። ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። የቀን ሠራተኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ፋብሪካ ሥራ የቀነሳት ወጣት፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጥቶ ከካምፕ ውጭ የተከራየው አባወራ። የቀን ገቢ ያለው ሰው አንድ ወር ከተኛ የዚያ ወር ኪራይ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ወር ላይ አከራይ «ልጄ ሊገባበት ነው፣ ቤቱን ልቀቁልኝ» ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም።

አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ጎረቤቴ የወጣችው እንዲህ ነው። ምጣዷ ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጠባሴ ሰፈር ያገኘችው አዲስ አከራይ ደግሞ ገና ሲያዋውላት «መብራት ይቆጥራል፣ ምጣድ አይቻልም» አላት። የድሮ ደንበኞቿ እንጀራ ፍለጋ እዚያ ድረስ አይሄዱላትም። ልጇ በዓመቱ አጋማሽ መሸኛ ይዞ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። ሠርታ ትበላ የነበረች ሴት በሁለት ወር ኪራይ ምክንያት እጇን የምትዘረጋ ሆነች። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። የቱ ይረክሳል፣ ያኔ ኪራዩን መሸፈን ወይስ አሁን እሷንና ልጇን መርዳት?

ቤት ያጣ ሰው ችግሩ በዚህ አያበቃም። መታወቂያ ለማደስ የቤት ቁጥር ይጠየቃል። መታወቂያ ከሌለው ደግሞ «ችግረኛ ነው» ብሎ የሚጽፍለት ቀበሌ የለውም። እርዳታ ሲመጣ ስሙ የለም። ከተማችን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ በረንዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አዋጅ አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ላሉት ከተሞች ውሳኔውን ለክልሎች ነው የተወው። ግን አዋጁ እዚህ ሳይሸራረፍ ቢሠራ እንኳ ውዝፍ ኪራይ አይከፍልም። አከራዩም ቢሆን ሰይጣን አይደለም። ብዙዎቹ በዚያች ክፍል ኪራይ ጡረታቸውን የሚደጉሙ እናቶች ናቸው። እነሱን በነፃ አኑሩ ማለት አይቻልም።

በክረምት በጎ ፈቃድ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል። ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ጭቃው ይመረጋል፣ ፎቶም ይነሣል (ፎቶው እንኳ ቢቀንስ ደስ ይለኛል)። ሥራው ግን መልካም ነው። ተከራዩ ግን የሚታደስለት ቤት የለውም፤ እሱን የሚያቆየው ኪራዩ በጊዜ መከፈሉ ነው።

አሠራሩን ከባዶ ጀምሩ አላልኩም። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችሉ አባወራዎች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ችግረኞቹም የሚለዩት ከታች ከቀበሌ ነው። ለኪራይም ይኸው ይሁን። ልዩነቱ፣ የጤና መድን ዝርዝር በዓመት አንዴ ይሠራል፤ የኪራይ ችግር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ውሳኔው በሳምንት ውስጥ መሰጠት አለበት። ገንዘቡ በተከራዩ እጅ አይለፍ፣ በቀጥታ በአከራዩ የባንክ ሒሳብ ይግባ። አከራዩም በምላሹ ቢያንስ ስድስት ወር እንደማያስወጣ ይፈርም።

የዘመድ ዝርዝር ይሆናል የሚል ስጋት አለ፤ እኔም አለኝ። ለዚህ መላው ዕድር ነው። ማን የእውነት እንደተቸገረና ማን እንደሚያስመስል የሰፈር ዕድር ዳኛ ከማንም በላይ ያውቃል። ኮሚቴው ውስጥ ሁለት የዕድር ሰዎች ይግቡ። የተረጂዎች ስም ግን ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ሰው በችግሩ ላይ ውርደት አይጨመርበትም። ዝርዝሩን ኦዲተር ቢያየው ይበቃል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መጠለያ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች ይሠራሉ ይላል። አቅሙ ውስን እንደሆነ ይገባኛል። ስለዚህ በአንድ ክፍለ ከተማ ለአንድ ዓመት ይሞከር። ስንት ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ እንደቆየ፣ ስንት ብር እንደወጣ በዓመቱ መጨረሻ ለምክር ቤቱ ይቅረብ። ካልሠራ ይዘጋ።

በጀቱ ከመጽደቁ በፊት በሚኖረው የነዋሪዎች ውይይት ጥያቄው በአጀንዳ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። «አይቻልም» ከሆነም መልሱ፣ ምክንያቱ እዚያው በአዳራሹ ይነገረን።

ከአክብሮት ጋር
የደብረ ብርሃን ነዋሪ