የሳይንስ ክበባችን ዘገባ፦ ከበሬ መንጋጋ እስከ ታንኳ

ዘንድሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስማችን «የጥርስ ክበብ» ሆኗል። ስሙን ያወጣልንን ባልደረባ አውቀዋለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ። እኛ ግን የሳይንስ ክበብ ነን። ዓመቱን ሙሉ በጥርስ የከረምነው ሌላ ርዕስ አጥተን አይደለም። ኬሚካል ይገዛል፣ ጥርስ ግን ልጁ ሁሉ ይዞት ይመጣል።

ስብሰባውን ላሳጥረው። በየ15 ቀኑ ዓርብ ከሰዓት ተገናኝተናል፣ ቃለ ጉባኤው አለ። ትምህርት በተቋረጠባቸው ሳምንታት ግን አልተገናኘንም። በ30 ልጆች ጀምረን 20 ሳንሞላ ጨርሰናል።

መጀመሪያ ከሥጋ ቤት የበሬ መንጋጋ በነጻ አገኘን። ቀቅለን አጸዳነው (ሽታውን የጽዳት ሠራተኞቻችን አይረሱትም)። የመዳብ ሽቦ ጥርሱን ሊጭረው አልቻለም። የብርጭቆ ስባሪ ጫን ሲሉት ጫረው። በሞህስ መለኪያ (ከ1 እስከ 10 ያለው፣ ማን ማንን ይጭራል የሚለውን የሚያሳየው) የኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ጥንካሬ 5 አካባቢ ነው። መዳብ 3፣ ብርጭቆ 5.5 ገደማ ነው። ከሰውነታችን ከኢናሜል የሚጠነክር የለም፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ታዲያ እንዲህ የደረቀ ነገር ዕድሜ ልክ ቆሎ ሲቆረጠምበት ለምን እንደ ብርጭቆ አይረግፍም? ልጆቹ ጠየቁኝ። ኢናሜል 5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ ውፍረት ካላቸው ዘንጎች የተሠራ ነው፣ ዘንጎቹም ወደ ውስጥ ሲገቡ ይጠላለፋሉ ብዬ ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ማንም አልገባውም። እውነቱን ለመናገር ሥዕሌም አያምርም።

ሚያዝያ ላይ ወደ ጣና ዳር ወጣን። በእግራችን ነው፤ ለመኪና የተያዘ በጀት አልነበረም። ዳር ላይ አንድ አባት ታንኳ ሲሠሩ አገኘን። ደንገሉን በነዶ በነዶ እየጠረዙ ያስራሉ። ልጆቹ ፎቶ ሲነሱ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ደንገል ለምና ተቀበለች። ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። በጥፍሯ ጫፉን ጫን አደረገችው፤ እስከ ታች ተሰነጠቀ። በአግድሙ ሞከረች፣ እምቢ አለ። ከዚያ ስንጣሪዎቹን አጠላልፋ ጎነጎነችና እንደገና ሞከረች። ስንጥቁ ትንሽ ሄዶ ቆመ።

«ቲቸር! መንገድ ጠፋበት!»

አባት ሥራቸውን አቁመው ሳቁ። «ታዲያስ ልጄ! አለዚያማ ውኃው ላይ ይበተን ነበር» አሏት።

እኔ ለሁለት ወር ያላስረዳሁትን በሁለት ቃል ጨረሰችው። በኢናሜል ውስጥ ስንጥቅ በዘንጎቹ መካከል ይሄዳል። የተጠላለፉበት ላይ ሲደርስ ግን መታጠፍ አለበት፣ ሲታጠፍ ጉልበቱ ያልቃል። ከሥሩ ደግሞ ለስለስ ያለው ዴንቲን አለ፤ ያመለጠውን እሱ ይይዘዋል። ይህንን አስረዳሁና ነፋስ ዓይኔ ገባ ብዬ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

ያልተሳካልንም አለ። ልጆቹ ጣሪያ ላይ ሊወረወሩ የነበሩ የታናናሾቻቸውን የወተት ጥርሶች አመጡ። ግማሹን በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና አሽተን፣ ግማሹን እንዲሁ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ከተትን። ሁሉም እንደ ጠመኔ ነጡ። ኮምጣጤው ሳይበዛ አልቀረም። ቢሆንም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ ሲወርድ ኢናሜል መሟሟት እንደሚጀምር፣ የሠሩት ሴሎችም ጥርሱ ሲበቅል ስለሚጠፉ ተመልሶ እንደማያድግ ያን ቀን ገባቸው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ የለስላሳ ገበያዬን ገደልክብኝ ብላኛለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆየ። ለወላጆች ቀን ድምፅ ማጉያ ኪራይ ተገኝቶ ለአምፖል መጥፋቱ እስካሁን አልገባኝም። አምፖሉ ቢተካልን ጥርሱን በስሱ ሞርደን ዘንጎቹን በዓይናችን ለማየት እንሞክራለን። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ የምትችሉትን ያህል እርዱን።

መንጋጋው ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሽታው ጠፍቷል። ማየት ለሚፈልግ ቁልፉ እኔ ጋ አለ።