«ቀለል ያለውን ስጧት» አትበሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። እንጀራ ልገዛ ሐበሻ ሱቅ ስገባ ጋዜጣችሁን ሳላነሳ አልወጣም። ስለ ታክስ፣ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ኢሚግሬሽን ብዙ ትጽፋላችሁ፤ ይበል ነው። ዛሬ እኔ ደግሞ ስለ ልጆቻችን የመጀመሪያ ሾትገን ልጻፍላችሁ። አትደንግጡ፣ የማወራው ስለ ስፖርት ነው።

እዚህ ሚኒሶታ ብዙ ሃይስኩሎች የትራፕ ቡድን አላቸው። በአየር ላይ የሚወነጨፍ የሸክላ ኢላማ በሾትገን መምታት ማለት ነው። የትምህርት ቤቶቹ ሊግ የተጀመረው እዚሁ ስቴት በ2001 ነው፤ አሁን ወደ ሌሎች ስቴቶችም ተዛምቷል። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ወንዱም ሴቷም እኩል ይገባሉ። ተጠባባቂ ሆኖ ወንበር የሚያሞቅ ልጅ የለም፣ ሁሉም ይተኩሳል። ጠመንጃው ትምህርት ቤት ድርሽ አይልም፤ ተኩሱ ያለው በአካባቢው የተኩስ ክለብ ነው፣ ልጁም አስቀድሞ የጦር መሣሪያ ደህንነት ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀቱን መያዝ አለበት። የኛ ሰፈር ልጆችም መግባት ጀምረዋል።

ልጅ ማታ መጥቶ «አባዬ፣ ሾትገን ያስፈልገኛል» ሲል ቤቱ ይታመሳል። እናት «በስመ አብ!» ትላለች። አባት ደግሞ በሆዱ ደስ እያለው የአያቱን ምንሽር ታሪክ ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀው ይስማሙና ሱቅ ይሄዳሉ። እኔን ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው።

የእህቴ ልጅ ቀጭን ናት፣ ቁመቷም ገና ነው። እህቴ ይዛት ሄደች። ባንኮኒው ጋ የቆመው ሰውዬ ልጅቷን አየት አድርጎ «ለሴት ልጅ ቀለል ያለው ይሻላል» አለና አጭር፣ ስስ፣ 20 ጌጅ ፓምፕ አወጣላቸው። ጌጅ የበርሜሉ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል፤ ፓምፕ ደግሞ በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ነው። እህቴ አነሳችው፤ ላባ ነው። ዋጋውም ደህና ነበር። ከፍለው ወጡ።

ልጅቷ ከመጀመሪያው ልምምድ ስትመለስ ትከሻዋ በልዟል። በቀጣዩ ደግሞ ቃታውን ከመሳቧ በፊት ዓይኗን መጨፈን ጀመረች። እዚያው ቆሜ አየኋት፤ «ፑል» ትላለች፣ ኢላማው ይወጣል፣ ጣቷ ከመንቀሳቀሱ በፊት ፊቷ ይኮማተራል፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ኢላማው ምንም ሳይነካው ሣሩ ላይ ይወድቃል። አሠልጣኙ ምንም አላለም። ፓምፑን ተቀበላትና የክለቡን አሮጌ ሬሚንግተን 1100 አመጣላት፣ ሰደፉ ያጠረ፣ ክብደቱ ግን ወደ ስምንት ፓውንድ የሚጠጋ። እህቴ «ኧረ ይሄ ይጥላታል!» አለች። ልጅቷ አንድ ተኮሰችና ዞር ብላ «ተኩሷል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ነገሩ ምትሃት የለውም። ያው አንድ ዓይነት ጥይት ከቀላል ጠመንጃ ሲወጣ ትከሻ አብዝቶ ይመታል፣ ከከባዱ ሲወጣ ይለዝባል። 1100 ደግሞ ከ1963 ጀምሮ የተሠራ፣ በባሩዱ ጋዝ ራሱን የሚያጎርስ ሰሚ አውቶማቲክ ነው። ከጋዙ ከፊሉን ለዚያ ሥራ ስለሚጠቀምበት ምቱ ባንዴ ከመውረድ ይልቅ ሳብ ይላል። «ለሴትና ለልጅ ቀላል» የሚለው ምክር ጠመንጃ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ጫካ ለሚዞር አዳኝ ይሆን ይሆናል። በትራፕ ግን አንድ ዙር 25 ኢላማ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት ዙር ይተኩሳሉ። ሃምሳ ጊዜ ትከሻው የሚመታ ልጅ ስፖርቱን ቢጠላ አይፈረድበትም።

ታዲያ ዝም ብላችሁ ከባድ ግዙ ማለቴም አይደለም። ልጁ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ወገቡን ወደ ኋላ ከለጠጠ ከብዶታል። ባዶ መሆኑን አረጋግጡና ወደ ደህና አቅጣጫ አነጣጥሮ ግማሽ ደቂቃ ይያዘው። ክንዱ ከተንቀጠቀጠ፣ በጋዝ የሚሠራ 20 ጌጅ ፈልጉለት። ከቻለው ደግሞ 12 ጌጅ ይያዝና ለስላሳ ጥይት ይተኩስበት። ውስጡ 24 ግራም የእርሳስ ፍሬ፣ ማለትም ትንንሽ እንክብል፣ ያለው ጥይት አለ፣ ኦሊምፒክ ላይም የሚተኮሰው እሱ ነው። የጥይት ካርቶኑ ላይ ክብደቱንና የፍሬውን ቁጥር አንብቡ፤ ለትራፕ 7½ ወይም 8 ነው። አንዳንድ ሰሚ አውቶማቲክ በለስላሳ ጥይት ቀለሁን አልተፋም ብሎ ይንገታገታል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከክብደቱም በላይ የሚበልጠው ልኩ ነው። ክላሽም ምንሽርም የኋላና የፊት ማነጣጠሪያ አላቸው፤ ሁለቱን ታስተካክላለህ፣ ትተኩሳለህ። ሾትገን የኋላው የለውም፣ የኋላ ማነጣጠሪያው የራስህ ዓይን ነው። ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ካላረፈ ፍሬው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ኢላማው በሰዓት 67 ኪሎሜትር ያህል እየበረረ ስለሚርቅ ማስተካከያ ጊዜ የለህም።

ልኩን ሱቅ ውስጥ እንዲህ እዩት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሻጩም እናንተም በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻው ላይ ያድርገው፣ ጉንጩን ያሳርፍ፣ ከዚያ ዓይኑን ይግለጥ። የሚያየው የበርሜሉን ጫፍ ከሆነና በርሜሉ ላይ በቁመቱ የተዘረጋው ጠፍጣፋ ሰንበር በትንሹ ከታየው ጥሩ ነው። የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ ካየ ሰደፉ ዝቅ ብሎበታል። በአፍንጫውና በአውራ ጣቱ መካከልም ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ ሲተኩስ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይመታዋል። ሰደፉን ክርን ውስጥ ወትፈው «ልኩ ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ፤ እሱ ስለ ክንድ እንጂ ስለ አንገትና ስለ ጉንጭ ምንም አይነግራችሁም። ልጅ ያድጋልና ሰደፉ የሚረዝም ወይም የሚቀየር ቢሆን ደግሞ ሌላ ወጪ ታተርፋላችሁ።

ቤት ውስጥ የምትሠሩት አንድ ነገር ቀረ። ልጁ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራና በሁለት ዓይኑ ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት በቀዳዳው ይይ። አንድ ዓይኑን ይጨፍን፣ ከዚያ ሌላውን። ሰዓቱ ያልጠፋበት ዓይን እሱ ገዢው ዓይን ነው። ቀኝ እጁ እየጻፈ ግራ ዓይኑ የሚገዛ ልጅ ሞልቷል። ይህን ሳያውቁ ጠመንጃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ከጅምሩ በግራ ትከሻው እንዲተኩስ ይደረጋልና። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ቀለሁን በቀኝ በኩል የሚተፋ ሰሚ አውቶማቲክ በፊቱ ላይ ያሳልፍበታል፤ ለግራኝ የተሠራውን ጠይቁ።

ስለ ዓይነቱ የኔን ልበል። ፓምፕ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ሬሚንግተን 870 ከ1950 ጀምሮ ስንቱን አስተምሯል፤ ግን ይመታል። ብራውኒንግ ሲቶሪና ቤሬታ 686፣ ሁለት በርሜል ተደራርቦባቸው የሚሠሩት፣ ያምራሉ፣ ለልጅ ልጅ ያልፋሉ፣ ዋጋቸው ግን ሁለት ሺህ ዶላርን ይዘላል። ልጁ ስፖርቱን ይወደው አይወደው ሳታውቁ አትንኩት። ብራውኒንግ ቢቲ 99 አንድ በርሜል፣ አንድ ጥይት ነው፣ ለትራፕ ተብሎ የተሠራ። ነገ ግን ልጁ ሁለት ኢላማ ባንዴ ወደሚወጣበት ስኪት ቢሻገር አይሆነውም። እኔ ብጠየቅ ያገለገለ፣ በጋዝ የሚሠራ፣ በርሜሉ 28 ወይም 30 ኢንች የሆነ ሰሚ አውቶማቲክ እላለሁ። ያገለገለ 1100 ስትገዙ በርሜሉ ሥር ያለችውን ቀጭን የላስቲክ ቀለበት እዩ፤ እሷ ስትበጠስ ጠመንጃው የተበላሸ ይመስልና ሰው በርካሽ ይሸጠዋል። የቀለህ መያዣም ግዙለት፣ አለበለዚያ ትኩስ ቀለህ ጎኑ የቆመውን ልጅ ይመታል።

«ለቤት ጥበቃም ይሆነናል» ብለው አጭሯን ባለ 18 ኢንች የሚገዙ አባቶች አሉ። በሷ ትራፕ መማር ልፋት ነው፤ ቤት ጥበቃውን ለቁልፉ ተዉት።

12 እና 20 ጌጅ አንድ ቤት ውስጥ ካለ ጥይቱን ለየብቻ አስቀምጡ፣ አንድ ኪስ ውስጥ እንዳትቀላቅሉ። የ20 ጥይት ቢጫ የሆነው ያለ ነገር አይደለም፤ 12 ጌጅ በርሜል ውስጥ ሾልኮ ገብቶ መሃል ይቀረቀራል፣ ከኋላው 12 ጎርሶ ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል።

ስለ ወረቀቱም ልንገራችሁ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሱቅ አይሸጥለትም፣ የሚገዛው ወላጅ ነው፤ 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላል፣ ታሪኩም ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ግን በአብዛኛው አይፈቀድለትም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። «ሲቲዝን የሆነው ጎረቤቴ በስሙ ይግዛልኝ» የሚባል ነገር ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው። ቤት ስትገቡ ጠመንጃው ባዶውን ብረት ሳጥን ውስጥ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ቁልፉ እናንተ ኪስ። የጎረሰ ጠመንጃ ልጅ የሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ እዚህ ስቴት ያስከስሳል።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን አሠልጣኙ ጋ ደውሉ። ብዙ ክለብ የሚያውሰው ጠመንጃ አለው። ልጁ ሁለት ሦስቱን ሞክሮ ትከሻው የወደደውን ይንገራችሁ። የእህቴ ልጅ አሁንም በክለቡ 1100 ነው የምትተኩሰው፤ ያ ፓምፕ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ሱቁም አልመልስም ብሏል።

ጁን ላይ አሌክሳንድሪያ ለሚደረገው የስቴቱ ውድድር የምትሄዱ ወላጆች፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ ለራሳችሁም ያዙ፤ ዳር ቆሞ ለሚያይም ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከሴንት ፖል