የባዮስ ቺፕ ምትክ ለምትፈልጉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። አንዳንዴ ግን የተበላሸችው የኮምፒውተሩን ማስነሻ ፕሮግራም የያዘችው፣ ስምንት እግር ያላት የባዮስ ቺፕ ብቻ ናት።

ምትኳን ከመግዛታችሁ በፊት የጀርባዋን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አንብቡ። «25ኪው64» ካለ 64 ሜጋቢት፣ ማለትም 8 ሜጋባይት ነው፤ ሻጭም ገዢም የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ፊደላት ደግሞ አይናቁ፤ ዊንቦንድ በተባለው አምራች ቺፕ ላይ «ኤፍቪ» 3.3 ቮልት፣ «ኤፍደብልዩ» 1.8 ቮልት ነው። የ1.8ቷን 3.3 ቮልት ላይ ብትሰኩ ልትቃጠል ትችላለች። ስፋትም ይለካ። የተለመደችው ቺፕ ገላዋ 5.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የ3.9 ሚሊሜትሯ እግር ከቦርዱ መበየጃ ላይ በደንብ አያርፍም።

የአሮጌዋን ይዘት በፕሮግራመር (በቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ) ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ፋይሎቹን አስተያዩ፤ ከተለያዩ ብዙውን ጊዜ የቺፗን እግሮች የሚይዘው መቆንጠጫ በደንብ አልነካም። ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ የወረደውን ፋይል ብቻ ከጫናችሁ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ አንዳንዴም የኔትወርክ ካርዱ መለያ የሆነው ማክ አድራሻ ይጠፋል። ርካሹ ጥቁር ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር ደግሞ በዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት የሚለቅበት ጊዜ አለ፤ ቺፕ ሳይሰካ በመልቲሜትር ይለካ። ስትበይዱ ቺፗ ላይ ያለችው ነጥብ ከቦርዱ የ1ኛ እግር ምልክት ጋር ትግጠም።

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ