ጨፌው ብቻውን አላሳደገኝም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ደብዳቤዬ ስለ አንድ ልብ ወለድ ነው፤ ልመናም አለበት። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ተርጓሚ ካለ፣ እባካችሁ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሱልን።

መጽሐፉ «ዌር ዘ ክራውዳድስ ሲንግ» ይባላል። ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ዴሊያ ኦወንስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም ዕድሜዋ ወደ 70 ተጠግቶ ነበር፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ነው። ከዚያ በፊት የዱር እንስሳት ተመራማሪ ሆና ቦትስዋና፣ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ዓመታት ኖራለች። ይሄ ከጽሑፏ ያስታውቃል። ስለ ወፍ ስትጽፍ ወፉን አይታው ነው።

መጽሐፉን ያመጣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ከውጭ ስትመጣ። «አጎቴ፣ ይሄ ያንተ ታሪክ ነው» አለችኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ አምስት ወር ፈጀብኝ። የጅማ መጽሐፍ አዟሪዎችን ብጠይቅ በአማርኛ አላገኘሁትም።

ካያ የምትባል ልጅ አለች። ኖርዝ ካሮላይና፣ ባሕር ዳርቻ ያለ ጨፌ ውስጥ ነው የምትኖረው። እ.ኤ.አ. በ1952፣ ስድስት ዓመቷ ላይ፣ እናቷ ሰማያዊ ሻንጣ አንጠልጥላ ከቤት ወጣች። አልተመለሰችም። ከዚያ እህትና ወንድሞቿ ሄዱ፤ በመጨረሻ አባቷም። ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። ትምህርት ቤት የዋለችው አንድ ቀን ብቻ ነው። «ውሻ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እንድትጠራ ተጠየቀች፤ ፊደሎቹን ገለበጠቻቸው፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሁለተኛ ዝር አላለችም።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ።

እኔ ተንተባታቢ ነኝ። ዛሬ በጣም ተሽሎኛል፤ ልጅ ሳለሁ ግን የራሴን ስም መጥራት ያቅተኝ ነበር። እናቴ ያረፈችው አምስት ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ ቡና የሚጭን መኪና ላይ ረዳት ስለነበር ሳምንት ሙሉ አይመጣም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ትምህርት ቤት አስተማሪው አስነስቶ ሲያስነብበኝ ልጆቹ «ሞተሩ አልነሳ አለ!» ይሉኝ ነበር። አስተማሪውም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን ደብተሬን ቤት ጥዬ የአክስቴን ከብቶች እየነዳሁ ቦዬ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አልረገጥኩም።

ቦዬን የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ጅማ ሊገቡ ሲሉ የሚያገኙት ውሃና ጨፌ ነው። ደንገልና ቄጠማ አለው። ጉማሬ አለው፤ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጡ ከብቶቹን ቀደም ብዬ ነበር የምነዳው። እዚያ ማንም «ምን አልክ?» አይለኝም። ቀኑን ሙሉ ቃል ሳልተነፍስ እውልና ደስ ብሎኝ እገባለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ይመስለኛል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ውሃው ሞልቷል። ውሃው ላይ በተንሳፈፈ ሰፊ ቅጠል ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ ትራመዳለች። ግንባሯ ሰማያዊ ነው። የእግሯ ጣቶች ለሰውነቷ አይመጥኑም፤ በጣም ረጃጅም ናቸው። ቅጠሉ አይሰምጥም። ቆም አለች። ከክንፎቿ ሥር ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው አየሁ። ቆጠርኳቸው። ከራሷ እግሮች ጋር ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ስምንት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገር አማረኝ።

ጨፌው ዳር ጡብ የሚሠራ ሰውዬ ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ሮጬ ሄድኩና «ስ... ስ...» ማለት ጀመርኩ። ሌላው ሰው ሁሉ ወይ ቃሌን ከአፌ ቀምቶ ይጨርስልኛል፣ ወይ «ቀስ በል» ይለኛል። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ እንደሆነ ቁጢጥ ብሎ አየኝ። ስምንት እስክል ድረስ ጠበቀኝ። ከዚያ እጁን በሣር ጠረገና «ና፣ አሳየኝ» አለኝ።

ወፏ ሄዳለች። «ነገ ጠዋት እንመጣለን» አለ። በነጋታው መጣን፤ የለችም። በሦስተኛው ቀን አየናት። እሱም ጮክ ብሎ ቆጠረ። «እውነትህን ነው፣ ልጄ» አለኝ። ትምህርት ቤት እንድመለስ አባቴን የለመነውም እሱ ነው።

ነገሩን ያወቅኩት መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ነው፤ ከወፎች መጽሐፍ። ወፉ ጃካና ይባላል። ሴቷ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች። የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም አባትየው ነው፤ አደጋ ሲያይ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ወትፎ ተሸክሟቸው ይሄዳል። ሦስት ጫጩት ነበረው ማለት ነው። እናት ያልኩት አባት ኖሯል። ያን ገጽ ለረጅም ጊዜ አልገለበጥኩትም።

ወደ ልብ ወለዱ ልመለስ። መጽሐፉን ካነበቡ ወጣቶች ጋር አውርቻለሁ። ሁሉም የሚያነሱት ፍቅሩንና ግድያውን ነው። ካያ በግድያ ተከሳ የምትቀርብበት ችሎት ልብ ይሰቅላል፣ አልክድም። ቀሪዎቹ ደግሞ «ተፈጥሮ አሳደገቻት» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ጨፌው አብልቷታል፤ ብቸኝነቱንም አስችሏታል። ግን ቴት የሚባል ልጅ ጉቶ ላይ የወፍ ላባ እያስቀመጠላት ይሄድ ነበር፤ ሳያስፈራራት፣ ሳይጠራት። እሷም በምላሹ ላባ ታስቀምጣለች። 14 ዓመቷ ላይ ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው። በኋላ ስለ ጨፌው መጽሐፍ የምታሳትመው ያን ፊደል ይዛ ነው። ቴት ባይመጣ ያ ሁሉ የሰበሰበችው ላባና ዛጎል ከእሷው ጋር ይቀር ነበር። የኔም ስምንት እግር እንደዚያው።

ትርጉሙ ቀላል አይሆንም። ገና ሲጀምር መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ረግረግ ይለያል፤ አንዱ ብርሃን የሞላበት፣ ሌላው ጨለማ። አማርኛችን ለሁለቱም «ረግረግ» ብሎ እንዳያልፍ እሰጋለሁ። እኛ ጋ ግን የመጀመሪያው ጨፌ ነው፣ ሣሩም ሰማዩም የሚታይበት፤ ሁለተኛው ማጥ ነው። በርዕሱ ላይ ያለው ክራውዳድ፣ ባለ መቆንጠጫ የወንዝ እንስሳ፣ ደግሞ አገራችን የለም። ለሱ የሚቀርበው ሸርጣን ይመስለኛል፤ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ እየገለበጥን የምንፈልገው።

ከባድ ነው ብሎ መተው ግን አይገባም። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ተርጉሞልናል። ያም መጽሐፍ እንደ ካያ የአሜሪካ ደቡብ ታሪክ ነበር።

ዛሬ የቦዬ ጨፌ በየአቅጣጫው እየተበላ ነው። ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ለጡብ ይቆፈራል። ወዳጄም ይቆፍረው ነበር፤ ይህን ሳስብ ልቤ ለሁለት ይከፈላል።

ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ከግቢው ዋንዛ ሥር ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ አለች። አታወራም። የላባውን ምዕራፍ እንደምንም ወደ አማርኛ መልሼ በደብተር ጻፍኩት፤ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጥቂት አነብላታለሁ። አንዳንድ ቃል ላይ እያዘኝ እቆማለሁ። እሷ ትጠብቀኛለች። ትርጉሜ ለኅትመት አይበቃም፣ አውቃለሁ። ለመነሻ የሚፈልገው ተርጓሚ ካለ ግን 34 ገጽ ነው፤ በነጻ እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር
ከጅማ